ዝግባው ከነበረበት

ከውትርን ማዶ ነው፣ ከአዲሱ ሰፈር፣
ገና ቀበሌው ስም ያልሰጠው አፈር፤
ሁለት ዓመት ኖሬ በቆርቆሮ አጥር፣
የማውቀው ሰው ቢኖር አከራዬ ነበር፣
እሱንም በወሩ፣ ኪራይ ስንቆጥር።

ኅዳር ሲገባ አባቴ ከማቻከል መጣ፤
ከሚኒባስ ሲወርድ እግሩ አብጧል፣ ፊቱ ነጣ።
«ስኳር ነው አሉኝ» አለ፣ ሳቀና በዚያው፣
«ዕድሜ ልኬን ቡና ስጠጣ በጨው፣
ይሄ ደግሞ በየት አገኘኝ ልበለው?»

ማለዳ ተነሥቼ ክሊኒክ ፍለጋ ወጣሁ፤
ቦኖ ላይ ጀሪካን የምትሞላ ሴት ጠየቅሁ።
«ቀላል ነው» አለችኝ፣ «ይህን መንገድ ውረድ፣
ዝግባው ከነበረበት ወደ ግራ ሂድ።»
«ዝግባው የታለ?» ብላት፣ «ተቆርጧል አምና፤
ግን እዚያ ነበረ፣ ሁሉም ያውቀዋልና።»

ወረድሁ። የሌለን ዛፍ መፈለግ እንዴት ነው?
የጥላውን ቦታ በምን ላስታውሰው?
በር የሚበይድ ልጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንሥቶ፣
«ሥጋ ቤቱ አጠገብ» አለኝ፤
ሥጋ ቤቱ ጎሚስታ ሆኗል፣ ከከረመ ተዘግቶ።

ታፔላውን አገኘሁት። ቀይ መስቀሉ ደምቋል፤
ውስጡ ግን ሲሚንቶ መሸጫ ሆኗል።
«ሐኪሙስ?» «ቡሬ ገባ።» «ነርሷስ?» «አገባች።»
«መድኃኒት ቤቷስ?» «ከሰዓት ትከፈታለች፤
መብራት ካለ።»
መብራት የለም።
ሰው በዚህ ሰፈር ወይ አይታመም፣
ወይ ታሞ አያወራም።

ወደ ሆስፒታሉ ወሰድሁት በነጋታው፤
ካርድ እስኪወጣ ጫማው ላይ ቁጭ አለ፣ ሌላ ወንበር የለው።
መርፌ ታዘዘለት፣ ጧት ማታ የሚወጋ፣
በቀዝቃዛ የሚኖር፣ ከሞቀ የሚያጣ ዋጋ።
ፍሪጅ የለኝ። እጄ መርፌ ሲያይ ይርዳል።
ሰፈሩ በሩን ዘግቶ በጊዜ ይተኛል።

ማክሰኞ ሥራ ስወጣ፣ በሩን ወለል አደረገና፣
ከአጥሩ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ ጋቢውን ለብሶ ተቀመጠና፣
አላፊ አግዳሚውን «እንዴት አደርህ?» ሲል ዋለ።
«አባዬ፣ ይሄ'ኮ ከተማ ነው» ብለው እያፈርሁ፣ ቀና አለ፤
«በከተማ አይታደርም እንዴ?» አለ።

ዓርብ ማታ ስመለስ፣ ሰፈሩ እግሩ ሥር ተነጥፏል፤
ከማን ቤት ምን እንዳለ አንድ በአንድ አውቋል።
«ሲስተር የኔዓለም፣ ከአረንጓዴው በር፣ ጡረታ ወጥታለች፤
ሌሊትም ብትጠራት መጥታ ትወጋለች፣
ብር ካሳየሃት ግን ትቆጣለች።
በያጁ ልጅ፣ እንየው፣ የደም ግፊት መለኪያ አለው፤
የእናቱ ነበረ። ካረፈች ወዲህ በሻሿ ጠቅልሎ ነው ያኖረው።
ያቺ የቦኖዋ፣ ይታይሽ፣ ፍሪጇን ከፍታ፣
ከሚሪንዳው ኋላ ለመርፌዬ ሰጠችኝ ቦታ።
ባለ ባጃጁ ምንይችል ሁለተኛው ቤት ነው፤
ሌሊት ደረቴን ከያዘኝ፣ ቆርቆሮውን ምታው።»

ያቺው ሴት! ያው በያጅ!
የጠየቅኋቸው መንገድ ነበር፤ ስማቸውን ብጠይቅ በወጉ፣
እኒያው በቆሙበት መድኃኒቱን ባዋዩኝ፣ እጄንም ባልለቀቁ።
አባቴ ጉልበቱን እያሸ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤
አንተ ግን ራስህን ደበቅህ፣ ልጄ። ሰዎቹማ እዚሁ አሉ።»

በጥር አገሩ ገባ፣ እግሩ ጎድሎ፣ በምርኩዙ።
የሸኘው ሰው ብዛት! ባጃጁ እንኳ ተሳፋሪ ሳይጭን ቆመ ጉዞው እስኪጀመር ጓዙ።
ከዚያ ወዲህ ስወጣ ስገባ «የሙጬ ልጅ!» ይለኛል ሰው፤
የራሴን ስም የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልነገርሁ፣ ይኼም ስም ነው።

ትናንት ማታ ድንጋዩ ላይ ሳለሁ፣
ሕፃን ያዘለች ወጣት፣ የስልኳን መብራት በጭቃው ላይ እያበራች፣
«ወንድሜ፣ ክሊኒክ በየት ነው?» አለች።
አፌ ቀደመኝና፣ «ዝግባው ከነበረበት...» አልሁ፤
ግራ ገብቷት ቆመች።
ጫማዬን ፈለግሁ።