በረዶም ይመዝናል

ሃያ ስድስት ዓመት ከመንበሩ ግርጌ፣
ቃል ስለቅም ኖርኩኝ፣ ጣቴን መንቁር አድርጌ።
ምስክር ሲዋሽም፣ ጠበቃ ሲያስነጥስ፣
ዐቃቤ ሕግ ቆሞ ወረቀት ሲያተራምስ፣
ሁሉን ጽፌዋለሁ።
አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዳኛ ኦርቪን ስካርስታድ
ዝም ያሉበት ጊዜ፣ ከቃል በፊት ያለው መንገድ።
ዝምታ አይጻፍም፣ ፊደል የለውምና፤
እዚህ ላኑረው እንጂ፣ ጡረታ ወጣሁና።

አባቱ ኔልስ እህል መዛኝ ነበር፣
በሰሜን ዳኮታ፣ ከሀዲዱ ሰፈር።
ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ፣ መጥረጊያውን ይዞ፣
ጣቱ በጓንት ውስጥ በብርድ ደንዝዞ፣
መኪና ከሚቆምበት ከሚዛኑ ብረት
በረዶ ይጠርጋል፣ ሳያስቀር አንድ ቅሪት።
«በረዶም ይመዝናል፤ ካልጠረግከው ቀድመህ፣
ያልተዘራ ነገር ከእህል ጋር ቆጠርህ»
ይለው ነበር ልጁን።

ልጁ ሕግ ተማረ፤ ሌሊት የወተት መኪና እየነዳ፣
ጠዋት ክፍል ውስጥ እያንጎላጀ፣ በቡና ሲረዳ።
ፕሬዚዳንት አጨው፣ ሴኔቱም አጸደቀ፤
ካባው ረዘመና እናቱን አሳቀ።
የዕድሜ ልክ ሹመት ነው፣ ማንም አይሽረው፤
ከዚያች ቀን ጀምሮ «እርሳቸው» አልነው።

ብዙ ነገር ዳኙ፤ የከሰረ ባንክ፣ የወንዝ ውሃ ጥል፣
መንግሥት ያፈረሰው የነባር ጎሳዎች ውል።
ጠዋት ጠዋት፣ ገና ችሎት ሳይሰየም፣
ጠረጴዛውን በመዳፍ ይጠርጉ ነበር፣ አቧራ ባይኖርም።

አንድ የጥር ማክሰኞ ዴላን ፕሩዊት ቀረበ፤
ሃያ ሦስት ዓመቱ፣ የተውሶ ክራባቱ ካንገቱ የጠበበ።
ዕፁ በግራም ተለካ፣ ሕጉ መለሰ በዓመት፤
ሰውየው ሳይታይ፣ ዋሽንግተን ላይ ተመዝኗል ቅጣት።
ሃያ።
ከዚያ በታች የለም።

ዳኛው ወደ መስኮቱ ዞሩ።
ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጣቴ አየር ላይ ቀረ፤
ማሞቂያው ብቻውን በቧንቧው ውስጥ ቆጠረ።
የዴላን እናት ጓንቷን አወለቀች፣
መልሳ አጠለቀች።
«ይህን ቁጥር የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤
የማነበው ግን እኔ ነኝ። መዝግቢው» አሉኝ።
መዘገብኩ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ደብዳቤ፣ ምሕረት የሚለምን፣
ለሦስት ፕሬዚዳንት፤ አንዱም አልመለሰልን።
የምተይበው እኔ፣ አሥራ አንዱን ደብዳቤ፤
ሳይነግሩኝ አውቀው ነበር፣ አድሮ ከልቤ።
በአሥራ ሁለተኛው ሕጉ ላላ ሲባል፣
ፈረሙ፤ ብዕሩ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ጻድቅ ነበሩ አልልም።
ሌሎችም ነበሩ፣ ደብዳቤ ያልተጻፈላቸው፤
እኔ አውቃለሁ፣ በእጄ ነው የመዘገብኳቸው።

ከጡረታዬ በፊት፣ ሳምንት ሲቀረው፣
ከቢስማርክ ከተማ ፖስታ ካርድ መጣ፤
ሰላምታ የለው፣ ምስጋና የለው፣ ወቀሳም የለው።
«የበረዶ ጎማ ገዛሁ። አራት። ዴላን።»

ዳኛው ሦስት ጊዜ አነበቡት።
ጠረጴዛውን ጠረጉ፣
የመዝገቡን ቁጥር ጥግ ላይ ጻፉበትና
ፋይሉ ውስጥ ከተቱት።
እኔም በልማዴ ጣቴን አነሣሁ።
ምንም አላሉም።