ፍቺ

በርገን ዛሬም ዝናብ ነው፤ ጣራው ሲያጉረመርም ዋለ፤
ቀሚሱ ግን ደረቅ ነው፤ መስቀያው ላይ ተንጠልጥሎ አለ።
ጥቁር አረንጓዴ ሐር፣ አንገቱ እስከ ጉሮሮ፣
በጀርባው አርባ ሁለት ቁልፍ፣ ከማጅራት እስከ ወገብ ተደርድሮ።

የምቆልፍላት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ፣
ከመድረኩ ጀርባ ቆሜ፣ መርፌ በጥርሴ፣ ክር በአንገቴ።
በዚህች አንዲት ሴት ውስጥ ሦስት ተዋንያት አልፈዋል፤
አንዷ ሳቀችባት፣ አንዷ አለቀሰችላት፣
ሦስተኛዋ ፈራቻት፤ መብራት ሲጠፋ ትሸሻት።

ዘንድሮ ተራው የዮሩን ነው። ሃያ ስድስት ዓመቷ፣
ጥፍሯን የምትበላ ልጅ፣ ከፊዮርዱ ማዶ ነው ቤቷ።
ሁለተኛው ገቢር ላይ ሲደርሱ ቃል ይጠፋታል፤
የቶርዲስ፣ የዓሣ ነጋዴው ሚስት፣ እጇ ወደ ትሪው ይዘረጋል።
የባሏ እህት ደብዳቤ ነው፣ ከትሮምሶ የመጣ፤
«ለመምህርነት ተቀብለንሻል፤ መርከቡ ሐሙስ ነው የሚወጣ።»
ትደብቀዋለች፣ ከምትሰፋው ጨርቅ መሐል አጥፋ፤
ሐሙስም ያልፋል፣ መርከቡም፤ ያቺ ትቀራለች ያለ ተስፋ።
ቶርዲስም አቅፋ ታባብላታለች፣ ራሷን እየደባበሰች፣
«ከኔ ሌላ ማን አለሽ?» ትላለች፣ እንባዋን በመሐረብ እያበሰች።
እዚህ ላይ ሕዝቡ ሁሌ ያፏጫል።
አንድ ዓመት አንዱ ጓንቱን ወርውሯል።

«ምኗን ልያዝ?» አለች ዮሩን። «ፍቺዋ የት አለ?»
ኦድቫር፣ አዘጋጁ፣ መነጽሩን እየወለወለ፦
«ለእባብ ምን ፍቺ ያሻዋል? ተሳቢና ንደፊ፤
ከዚያ መብራት ይጠፋል፤ በቀኝ በኩል እለፊ።»

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ቆለፍኩላት፣ ከታች ወደ ላይ።
«በይ እጅሽን ወደ ኋላ ላኪ፤ ራስሽ ፍቺው፣ እንይ።»
ታገለች፣ ክርኗ እስኪጣመም፤
ከአርባ ሁለቱ አንዱ እንኳ ንቅንቅ አላለም።
«አየሽ? ብቻዋን አትለብሰው፣ ብቻዋን አታወልቀው፤
ኪስ ፈልጊበት፣ የለውም። የኔ የምትለውን የት ትደብቀው?
በሮቹንም ቁጠሪያቸው፣ አምስት ናቸው ግድግዳው ላይ፤
አራቱ ሥዕል ናቸው፤ አምስተኛው ማጀት የሚያሳይ።
መሄድ ስላልቻለች ሌላውን ታንቀሳቅሳለች፤
ሰውን እንደ ወንበር አንሥታ ጥግ ለጥግ ታዞራለች።
ፍቺ ነው የነፈጓት፤ አንቺም ፍቺ አጣሁላት ትያለሽ፤
ቃሉ አንድ ነው፣ ልጄ፤ ክሩን ያዢው፣ ይመጣልሽ።»

ይህን ብዬ ዝም አልኩ። የቀረው የኔ ነው።

የካቲት ነበር። እናታችን አልጋ ላይ።
ስልክ ጮኸ። ለታናሼ ለጉድኒ ነበር፣ ከስታቫንገር፤
«ሥራው ያንቺ ነው በያት፤ ሰኞ ጠዋት ትጀምር።»
«እነግራታለሁ» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።
ድንች እየላጠች ነበር፤ ጀርባዋን አየሁ፤ ቃል አልወጣኝም።
ማን ይቀር ነበር ከኔ ጋር፣ ከጨርቁ አጠባና ከሌሊቱ?
ማታ ፀጉሯን ጎነጎንኩላት፤ «ደግ ነሽ» አለችኝ፣ ልጅቱ።
ሃያ ዓመት አለፈው። በየገናው ሹራብ ትሠራልኛለች፤
እለብሰዋለሁ። ይሞቃል። እሷ ምን ታውቃለች።

ቶርዲስ ንጹሕ ናት አልልም። መርከቡን ያስመለጠ እጇ ነው።
ግን ያን እጅ፣ ላቡን ሳይቀር፣ አውቀዋለሁ፤ የማውቀው ነው።

በመክፈቻው ሌሊት ዮሩን ትሪው ዘንድ ስትደርስ ቆመች፤
ደብዳቤውን አነሣች፤ ጭኗ ላይ የሌለ ኪስ ፈለገች፤
አንዴ፤ ሁለቴ፤ መዳፏን በሐሩ ላይ አንሸራተተች፤
ከዚያ ነው ወደ ጨርቁ ዞራ ደብዳቤውን ያጠፈች።
ከዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ የሚያፏጭ አልነበረም።
አንዲት ሴትዮ ሳለች፤ ጉንፋን ይሆናል፤ አላውቅም።

መጋረጃው ወረደ። ከላይ ወደ ታች ፈታሁላት፤
ዣንጥላዋን ይዛ ዝናቡ ውስጥ ስትገባ አየኋት።
ቶርዲስን ወደ መስቀያዋ መለስኳት።
ቅርጿን እንዳታጣ፣
አርባ ሁለቱንም ቆለፍኩ፤ ማንም ሳይገባ፣ ማንም ሳይወጣ።

የጉድኒ ሹራብ ግን ኪስ አለው፣ በቀኝም በግራም።
እጄን ከተትኩ። ስልኩ አለ። እስካሁን አላወጣሁትም።