አምስት መቶኛ

ላኪሽ ዳገት ላይ ነው ሞተሩ የነከሰው፤
የአባቱን ዕድሜ ይበልጣል፣ ሊአቭ ነው የጋለበው።
ዛሬ ቅርያት ጋት፣ ከሕንጻው ሥር፣ ባምፖል ብርሃን፣
ጋሽ አስረሴ ያስገባል አዲሱን ፒስተን፤
ከጎኑ ቅጠል ብረት፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ሰካ፣ ሳበ፣ አዳመጠ፣ ትንፋሹን እየመጠነ።

«አባባ፣ ልቅ ነው እኮ! ጥብቅ ቢል አይሻልም?»
«ብረት ሲሞቅ ያብጣል፤ ከግድግዳው አይስማማም።
አምስት መቶኛ ተውለት። ከዚያ ሲያንስ ይነክሳል፣
ሲበዛ ያንኳኳል።»

ሊአቭ ሳቀ፦ «ክፍተት በዕብራይስጥ ‹ረቫህ› ነው፤
ትርፍም ያው ‹ረቫህ› ነው።»
«እኛ ጋ ጉድለት ነው» አለ ሽማግሌው።
ቅጠሏን ከጣቱ ሳያወጣ ቆየ።
«አባትህን... አጥብቄ ያዝኩት»
አለና፣ ሳይጨርስ፣ ሲሊንደሩን ዘይት ቀባ።

ፋሻው ገና ከሃይፋ አልመጣም።