ወንዝ የማያሻግር

ስሟ ብሮድ ይባላል፣ ፍቺው መሻገሪያ፤
ሳቫ መሃል ገብቶ ወዲህና ወዲያ
ሁለት አገር ናቸው፣ አንድ ውሃ ጠጪ፤
ድልድይ ያፈረሱ፣ ኋላም ለድልድይ አዋጪ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣
ለማላውቀው ወንዝ በቀለም ተያዥ።
ከጧት እስከ ምሳ በአንዲት ግስ ተጣሉ፤
“ይጋራሉ” ይባል ወይስ “ይሰጣሉ”?
አስተርጓሚ ቀጥረው ሳያስፈልጋቸው፤
አንድ ነው ለጆሮ ሁለቱም ቃላቸው።
ሻይ መጣ፤ ቀዘቀዘ።
በልቤ ፈረድሁ ብዕሬን ጥዬ፣
ወንዝ የማያሻግር ወረቀት ነው ብዬ።

ሰማዩ ተቀደደ ግንቦት እኩሌታ፤
ሳቫ እያሳሳቀ ደፍ ረገጠ ማታ።
ጎርፉ መንገድ ዘግቶኝ ጣቢያው ውስጥ ገብቼ
ጥግ ላይ ተቀመጥሁ ደብተሬን ዘርግቼ።

ከሰሜን ዳር ቆሞ ዝቮንኮ በባትሪ
መለኪያውን አይቶ ሆነ ቁጥር ነጋሪ።
ከደቡብ ራድሚላ፣ ስልክ ላይ ያደረች፣
ወንድሟን ለድልድዩ ያኔ የገበረች።
ሰላምታ የለም። ስም የለም።
“ስምንት ሜትር ከአርባ።”
“ስምንት ከአርባ። ተመዝግቧል።”
አንቀጽ ሰባት ያለው ተዋደዱ አይደለም፤
መኳረፍ ይቻላል፤ ቁጥር መደበቅ የለም።

ቁጥሩ ወንዝ ተሻገረ።

አሸዋ በጆንያ፣ ሰው ከእንቅልፉ ተነሣ፤
ፓምፑም አጉረመረመ እንደ ጥርስ አልባ አንበሳ።
አንዲት የሰሜን ላም ደቡብ ተማረከች፤
ሦስት ቅጽ ተሞልቶ አገሯ ተላከች።

“አባይ ማደሪያ የለው” የኛ ተረት ይላል፤
እዚህ አንቀጽ ዘጠኝ ማደሪያ ሰጥቶታል።
ከከተማው በላይ ያልታረሰ መስክ አለ፣
ላልተወለደ ልጅ ድርሻ ነው የተባለ፤
ሳቫ ግንዱን አስቀምጦ እዚያ ተኝቶ ዋለ።

ግሱ? እስከ ጥቅምት ተቀጥሯል።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኩ እንደገና ጮኸ።
“ሰባት ሜትር ከሃያ።”
“ሰባት ከሃያ። ተመዝግቧል።”
ልትዘጋው ነበር፤ ቆየች። ገመዱን በጣቷ ጠመጠመች።
“ያ ሳልህስ?” አለችው።
ማዶ ዝም አለ፤ ከዚያ፣ “ሌሊት ሌሊት ብቻ ነው” አላት።

ቃለ ጉባኤዬን ገለጥሁ ዳር እስከ ዳር፤
ይህን የምጽፍበት አንቀጽ አልነበር።