የሃያኛው ዓመት ቅጽ

መጋቢት ሲጋመስ፣ ሐይቁ የለበሰውን በረዶ ሳይጥል፣
ከኩኦፒዮ ሆስፒታል አንድ ፖስታ ይመጣል።
ዘንድሮ ሃያኛው ነው። ጥያቄው ያው የድሮው ጥያቄ፦
«ካለፈው ቅጽ ወዲህ ስንት ጊዜ ጣለዎት?»
ዜሮ ብዬ ሞላሁ፣ ክቧን ተጠንቅቄ።
ከግራ ጆሮ ግንዴ ቆርጠው ያነሷትን፣
ኋላም መልሰው በብሎን የገጠሟትን
የአጥንት ክዳን ታክላለች።

ከዚያ በታች ያለችው ክፍት ቦታ ሁለት ጣት አትሞላ፤
«ሌላ የሚሉት ካለ» ትላለች።
አለ እንጂ ሌላ።

ዐሥራ ሰባት ዓመት ጣለኝ።
በወተት ፋብሪካው፣ ጠርሙስ ስደረድር ጣለኝ፤
በአውቶብስ ደረጃ ጣለኝ፤
በወንድሜ ሠርግ፣ ጽዋ እንዳነሣሁ ጣለኝ።
ሊጥለኝ ሲል ግን (ይህን ለማንም አልነገርኩ)
የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኝና
ያለሁባት ደቂቃ ቀድሜ የኖርኳት ትመስለኛለች፤
መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ የማላውቀው ሰው ፊት፣ ሁሉም ዘመዴ፤
ለሦስት ትንፋሽ ያህል ዓለም የገዛ ቤቴ ነበረች።
ከዚያ ወለሉ ይመጣል።

ሐኪሟ ሱታሪ ትባላለች፤ በእኛ ቋንቋ «ጫማ ሰፊ» ማለት ነው።
ታውኖ በዋዜማው ሊያስቀኝ ሞከረ፣ «ራስም እንደ ጫማ ይሰፋል?» ብሎ፤
ከዚያ ኮሪደር ወጥቶ አለቀሰ፣ ፊቱን በኮፍያው ከልሎ።
ሰፋችኝ።
ያ የሚጥለኝም
ጥሎኝ ሄደ፤
እንደ ክፉ ባል፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይል።

ባዶ እጁን ግን አልሄደም፤
ማንኪያን «የሾርባው ነገር» አስባለኝ፣
የሰማዩን የላይኛውን የቀኝ ማዕዘን ቆርሶ ወሰደብኝ።
እነዚያ አንገተ ረጃጅሞቹ ነጫጭ ወፎች (ስማቸውም አብሮ ሄዷል)
በዚያ በኩል ሲመጡ አላያቸውም፤
ድንገት ከምንም ይወለዳሉ፣
ውሃው ላይ እስኪያርፉ አላምናቸውም።
ለዚያች ማዕዘን ሲባል መንጃ ፈቃድ ተከለከልኩ።
እኔም በእግር የሚገፋ የበረዶ ወንበር ገዝቼ
ሐይቁን እሻገራለሁ፣ ብቻዬን፤
ብቻዬን፦ ይቺን ቃል እንኳ አልወሰዳትም።

ሲርካ ነበረች ከጎኔ አልጋ፤ አንድ ቀን ተላጨን፣ አንድ ቀን ተሰፋን።
የእሷ ዜሮ ሰባት ዓመት ቆየች።
በስምንተኛው፣ በገና ዋዜማ፣ ዓሣ ስትከትፍ ተመለሰባት።
ስትደውልልኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ።
እሷ ናት ያጽናናችኝ፦
«ዋና ተምሬባቸዋለሁ እኮ፣ በሰባቱ ዓመት።»

ታውኖን ግን ማን ይጠይቀው?
ማንኪያ (መጣልኝ ስሙ!) ከእጄ አምልጦ ሲወድቅ
ከወንበሩ ይስፈነጠራል፣ ዓይኑ ከእጅ ሰዓቱ ላይ ሲጣበቅ፤
ሰከንድ ይቆጥራል።
ዐሥራ ሁለት ላይ ቀና ሲል
እኔ ሾርባዬን እየጠጣሁ ነው።
ያፍራል፤ ሰዓቱን ይሞላል፣ የቆመበት ይመስል።
ከእኔ ወጥቶ የት እንደገባ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

ቅዳሜ ማታ የሳውናውን በር ከውስጥ እቀረቅራለሁ፤
መቀርቀሪያውን የመታሁት ራሴ ነኝ፣ በሦስት ሚስማር።
እሱ ደጅ፣ ደረጃው ላይ፣ በብርድ ይቀመጣል።
«እንጨት ልፈልጥ ነው» ይላል፤
መጥረቢያ አልያዘም።
በየመሐሉ ግድግዳውን በጭልፋው አንኳኳለሁ፤
እሱም ከውጭ አንዴ ይመታል።

«ቀዶ ጥገናውን ዳግም ይመርጡ ነበር?»
አዎ። አዎ።
ከዚያ በወረቀቱ ኅዳግ፣ እርሳሴን ልሼ፣
«ታውኖን ግን ይጥለዋል፣ እስከ ዛሬ» ብዬ ጻፍኩ።
አጠፋሁት።
መልሼ ጻፍኩት፣ አድምቄ።

ፖስታውን አሽጎ የሚወስደው እሱ ነው።