እንየው

ከማርቆስ ስመለስ ሥልጠናዬን ይዤ፣
ደምበጫ ላይ ወርጄ በጭቃ ተጉዤ፣
የጎጡን ቦረቦር ገና ከሩቅ ሳየው
“ነገ እጀምራለሁ” አልኩት ለጋሽ እንየው።
“እርከኑ እዚህ ጋ፣ ክትሩ እዚያ ማዶ፣
ብስባሹ ከጓሮ፣ ሣሩ ከዳር ታጭዶ…”

ሳቅም አልሳቀብኝ፤ ዱላውን ተክሎ፣
“ዝናቡ ሲወርድ ግን አይተኸዋል?” ብሎ
ወሰደኝ በሐምሌ፣ ገሣ ደራርቦልኝ፤
ቆምን። ውሃው መጣ። መንገዱን ነገረኝ።
ከባንቺይርጋ ማሳ ቀልቶ ይነሣና፣
በባሕር ዛፉ ሥር የሚይዘው ያጣና፣
ከብት በረገጠው ዱካ ይወርድና፣
ቦረቦሩ ጋ ሲደርስ ወንዝ ነው። በቃ።
እኔ እርከን የነደፍኩበት ቦታ ላይ
ጠብ ያለ ውሃ አልነበረም።

ደብተሬ ራሰ፤ ቀለሙ ፈሰሰ።
አልቆጨኝም። እሺ፣ ትንሽ ቆጨኝ።

“ታዲያ ምን ላድርግ?”
“ወንፈል ግባ” አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ለውዱ ጤፍ አረምኩ፤ ለይርሳው ድንች ቆፈርኩ፤
ለባንቺይርጋ ፍግ ተሸከምኩ፣ ሽታው ሳምንት አብሮኝ አደረ።
እድር ገባሁ፤ የድንኳን ካስማ መትከል ለመድኩ።
ስለ እርከን ማንም አልጠየቀኝም።
አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቅሶ ቤት፣ እኔው አነሣሁ፤
ዝም አሉኝ። ገባኝ።

ዓመት ዞረ። በግንቦት ባንቺይርጋ መጣች፤
“መሬቴ ኮምጥጧል” አለች፣ “ገብስ ዘርቼ ገለባ አጨድኩ።”
ስለ ኖራ ላስረዳት አፌን ስከፍት
የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፦ እፍኝ ግብጦ።
“እናቴ መሬት ሲደክማት ይኼን ነበር የምትዘራው።
ደብተርህ ላይ አለ?”
የለም።
“ይጻፋል” አልኩ፤ እስክሪብቶ ፈለግሁ።

ቦረቦሩ ሞላ የሚላችሁን አትመኑ።
ከአፉ ላይ ግን፣ ሰባት ሆነን፣
ድንጋይ ደረደርን፤ ዝሆኔ ሣር ተከልን፤
ውዱ ከራሱ ጓሮ ግራዋ ቆርጦ አመጣ፣ ሳንጠይቀው።

የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ማንም ቤቱ አልገባም።
ገሣችንን ለብሰን ከዳር ቆምን።
ውሃው መጣ፤ ክትሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣
ደጅ ላይ እንደሚያመነታ እንግዳ።
“አሁንስ?” አልኩት ሽማግሌውን።
ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ
ስሙን ብቻ ነገረኝ።