መቶ ሠላሳ አራት

ሐምሌ አጋማሽ ነው። ዝናቡ ከጠዋት አላባራ፣
ከቸርችል ታጥፌ በተክለ ሃይማኖት፣ ወደ ሶማሌ ተራ።
የዲኤክሴን መስታወት እንደ ድስት ክዳን አላበው፤
በክርኔ ጠርጌው ሳልጨርስ፣ ትንፋሼ መልሶ ከበበው።
ሰው ኤሲ ለሙቀት ይመስለዋል፤ ለእኔ ግን በዚህ ክረምት
ከፊቴ ያለውን ለማየት ነው፣ የእግረኛ ጃንጥላ ለመሳት።
አዝራሩን ብጫን የሚወጣው፣ የታመመ ሰው እስትንፋስ፤
ለብ ያለ፣ አቧራ አቧራ የሚል፣ ሳይደርሰኝ የሚመለስ።

ከሱቁ ደጃፍ የቆመው ልጅ፣ ስሙ አቤንኤዘር፣
ፔንግዊን የተሳለበት ቆርቆሮ አወጣ ከሳጥን ሥር።
«ሁሉን ይስማማል ጋሼ፤ ለድሮም ለአዲስም ይሆናል፤
ዋጋው ግማሽ ነው፤ ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጫል።»
ቁጥር ፈለግሁ፤ የለውም። «ቀዝቃዛ» ይላል ዙሪያውን፤
እጄ ግን ኪሴ ገብታለች፤ ወር ሊያልቅ ሲል ማን ያያል ቁጥሩን።

ሙዘይን ከመኪና ሥር ወጣ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፤
ቆርቆሮውን አየት አርጎ፣ በእግሩ ጫፍ ፈቀቅ አደረገ።
«አልዋሸህም፤ ይቀዘቅዛል። መጀመሪያ ሁሉም ይቀዘቅዛል።
ይሄ ግን የምድጃ ዘመድ ነው፤ በሾለከ ቀን ክብሪት ይፈልጋል።
ከዘይቱ ጋር ካልተግባባ፣ ኮምፕሬሰሩ ሳይጮህ ይደርቃል፤
ዛሬ ያተረፍከው ብር፣ ነገ ዐሥር ሆኖ ይጠይቅሃል።»

ኮፈኑን ከፈተ። የፋብሪካው ወረቀት፣ ሙቀት የበላው፣
«ዐሥራ ሁለት» ይላል። ዐሥራ ሁለትን ዛሬ ማን አየው?
«ሰማይ በሳ ተብሎ ቀረ፤ ቢገኝም እኔ አልሞላም፤
ከዚህ በላይ ያለው ሰማይ አንድ ነው፤ መለዋወጫ የለውም።
የአዲሶቹ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስሙ ረጅም፣ ዋጋው እሳት፤
ለዚህች እሱን መሙላት፣ ለበቅሎ የወርቅ መነጽር መግዛት።»

ከዚያ ዝም አለ። ጎንበስ ብሎ፣ ከባትሪው ጥግ፣ በአውራ ጣቱ
አንድ ቦታ ፈተገ፤ ፈተገ፤ እስኪለቅለት ቅባቱ።
«ና እይ» አለኝ።
ነጭ ፕላስተር። የአባቴ እጅ ጽሑፍ ነበር፤
በንጉሡ «ሠ» የተጻፈ፣ ፊደል የማያስነውር፦
«ወደ መቶ ሠላሳ አራት ተቀይሯል። ዘይቱም ጭምር።
ሌላ አትቀላቅሉ። ጥቅምት 1997።»
ከሥሩ ፊርማ፤ ልክ እንደ ቢሮ ነገር።

አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ ከኋላ ወንበር የሰማውን
አንድም ቀን ያልተነፈሰ፤ ማታም ለእናቴ ውሎውን።
ሲሞትም እንደዚያው። ቃል አልሰጠኝም ብዬ ስንት ዘመን
በሆዴ ይዤበት ነበር። ቃሉ ለካ እዚህ ነው፤ ከባትሪው ጎን፣
ቅባት የጠጣ፣ አቧራ የለበሰ፣
ሞተር ሲግል ያልነደደ፣ ጎርፍ ሲረጨው ያልፈረሰ።

ሙዘይን ይህን አያውቅም። «ጎበዝ ሰው ነው፤ ብዙው ዘይቱን ይረሳል።
ግን ቁጥሩን አውቀን ብንሞላም፣ ቀዳዳው ካልተገኘ ያልቃል።»
የሳሙና አረፋ ቀባ። ከቱቦው አንገት፣ ከመጋጠሚያው፣
አንዲት አረፋ አበጠች፤ ፈነዳች፤ ሌላ ተከተለች። «ይኸው።»
የደረቀች ጎሚኒ፤ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፤
ሃያ ዓመት ይዛ፣ ዘንድሮ ደክሟት፣ በትንሽ በትንሹ የምታስመልጥ።
ቀየራት። ፓምፑ አየሩንና እርጥበቱን መጠጠ፤
ጋዙን በሚዛን ለካ እንጂ፣ በዓይን ግምት አልሰጠ።

እስክሪብቶ ለመንኩት አቤንኤዘርን፤ ከጆሮው ላይ አንሥቶ ሰጠኝ፤
ቆርቆሮው ሳይሸጥ ስለቀረ፣ ሲያቀብለኝም አላየኝ።
ከአባቴ ፊርማ ዝቅ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሐምሌ ዐሥራ ስድስት። ያው።»
ፊርማዬ ጠመመ፤ ብርድ ነው እላለሁ ለጠየቀ ሰው።

ስወጣ መስታወቱ፣ ከታች ጀምሮ፣ ቀስ እያለ ጠራ፤
ታየኝ ታክሲው፣ ታየኝ ጋሪ ገፊው፣ ታየኝ ተራ በተራ፤
ከዚያም የዝናብ ልብስ የለበሰ ትራፊክ፣ እጁን ወደኔ ዘርግቶ።
ቆምኩ። መስኮቴን ዝቅ ሳደርግ፣ የወጣው ብርድ ፊቱን ነክቶ፣
«ኤሲ? በዚህ ዝናብ?» አለኝ።